ፖል ዳንስ ለጀማሪ፦ ጎጃም ውስጥ ከጓደኞች ጋር ከዜሮ መነሳት

ፖል ዳንስ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ እየዞሩና እየወጡ መደነስ፣ መማር ካማረሽ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ብረቱ አይደለም። ሰው ነው። ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ጓደኛ። ብዙ ሰው ግን ከብረቱ ይጀምራል። ቪዲዮ ያያል፣ ቱቦ ያስቆማል፣ በር ዘግቶ ለብቻው ይታገላል። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ያመዋል፣ ከዚያ ይተወዋል።

ባሕር ዳር ሁኚ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ሁኚ ፍኖተ ሰላም፣ የሠለጠነ የፖል አስተማሪ በሰፈርሽ የማግኘት ዕድልሽ ጠባብ ነው። ስለዚህ አስተማሪውን ከራሳችሁ መሃል ማውጣት አለባችሁ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ የምትደግፍበት፣ ሦስተኛዋ የምታይበት ቡድን ካለ፣ ከዜሮ ተነስቶ መዞር፣ መውጣትና በሰላም መውረድ ይቻላል። ይህ መመሪያ እስከዚያ ድረስ ነው። የምጽፈው ለሴት ጀማሪ ነው፤ ወንድም ቢሆን ሥራው ያው ነው።

ቤተሰብ ሲጠይቅ

ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከወዲሁ ተዘጋጂ። ስሙን የሰማ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የምሽት ክለብ ነው። መካድ አያስፈልግም። ዛሬ የምናውቀው ፖል ዳንስ ያደገው በውጭ አገር ክለቦች ነው፣ ብዙውን እንቅስቃሴ የፈጠሩትም እዚያ ሲሠሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ክብር ይገባቸዋል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሰውነትን ማዘዝ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ህንድ ውስጥ ማላክሃምብ የሚባል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠራ ጂምናስቲክ አለ። የቻይና ሰርከስም የቆየ የምሰሶ ትርኢት አለው። ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በ2012 ለንደን ላይ አካሄደ። እናትሽ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ ይህንኑ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው። ከተቻለም አንድ ቀን መጥተው ይዩ። ትከሻና ሆድ የሚያጠነክር ከባድ ስፖርት መሆኑን በዓይን ያየ ሰው ሐሳቡ ይለወጣል።

ቡድኑን ማሰባሰብ

ጎጃም ውስጥ ወንፈል የማያውቅ የለም። ዛሬ የአንቺ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የእኔ። የፖል ልምምድም በዚሁ ሥርዓት ቢሄድ ነው የሚያምረው። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሥራ አለ። አንዷ ብረቱ ላይ ትወጣለች። አንዷ አጠገቧ ቆማ ትደግፋለች። አንዷ ራቅ ብላ ታያለች። ከዚያ ቦታ ትለዋወጣላችሁ። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ተመልካችነቱን ስልክ ይሥራው፤ ቀርጻችሁ ወዲያው አብራችሁ ተመልከቱት፣ ከዚያ አጥፉት።

ስትመርጡ በቁመትና በክብደት የሚቀራረቡ ሰዎች ቢጣመሩ ጥሩ ነው። ከአንቺ በጣም የምትቀል ልጅ ልብ ቢኖራትም ጉልበቷ አይበቃሽም። ደግሞም የምትቀልድ ሳይሆን የምትጠነቀቅ ሰው ፈልጊ። እጇ አንቺ ላይ እያለ ዓይኗ ስልኳ ላይ የሆነች ጓደኛ በሻይ ሰዓት ትወደዳለች፣ እዚህ ግን አትሆንም።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተቀመጡና ተስማሙ። ያለ ፈቃድ ማንም ማንንም አይቀርጽም፤ ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ አይወጣም። ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬ ይሮጣል፣ ይሉኝታውም ከባድ ነው። አንዷ መማሯን ለሰው መናገር ካልፈለገች ምክንያት አትጠየቅም። መንካትም በፈቃድ ነው። ደጋፊዋ እጇን ከማሳረፏ በፊት «ወገብሽን ልያዝ?» ትበል። የምታምኚያት ጓደኛ ብትሆንም ጠይቂ፤ ጡንቻ ሳይዘጋጅ ድንገት ሲነካ ይደነግጣል።

እርማት ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ቡድኖች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። አንዷ ከብረቱ ስትወርድ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይነግራታል። «እግርሽ ዘገየ»፣ «ሆድሽን አልሰበሰብሽም»፣ «ፈጠንሽ»። የትኛውን ትያዝ? በአንድ ሙከራ አንድ እርማት ብቻ ይሰጥ። እሱም ያጠፋችውን ሳይሆን ቀጥሎ የምታደርገውን ይናገር። «ቀጥሎ ትከሻሽን አውርጂና ሞክሪ» በቂ ነው።

ቦታውና ብረቱ

ቀና በይና ጣሪያውን ተመልከቺ። ብዙ ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ነው፣ ከሥሩ ኮርኒስ አለ። ኮርኒሱ አቡጀዴ ይሁን ማዳበሪያ ይሁን ቺፑድ፣ ፖል ፈጽሞ አይሸከምም። ከወለል እስከ ጣሪያ ተወጥሮ የሚቆመው ተነቃይ ፖል የሚሠራው ከላዩ ሶሌታ ወይም ጠንካራ ወራጅ ሲኖር ብቻ ነው። ኮርኒስ ላይ ተወጥሮ ቢቆም ለጊዜው የቆመ ይመስላል፣ ሰው ሲንጠለጠልበት ግን ይነቀላል። ከሰው ጋር ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሚሻለው መንገድ ጂም ነው። ፎቅ ላይ ያለ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው ጂም ፈልጉና ባለቤቱን አነጋግሩ። ረፋድ ላይና ከምሳ በኋላ ጂሞች ጭር ይላሉ። በዚያ ሰዓት መጋረጃ ተጋርዶ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ብረቱን የምታሠሩት ብየዳ ቤት ከሆነ ልኩን ይዛችሁ ሂዱ። የውድድር ፖል ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። 50 ሚሊ ሜትርም በብዛት ይሠራበታል። ገበያ ላይ አንድ ተኩል ኢንች እየተባለ የሚሸጠው የውሃ ቱቦ የውጭ ውፍረቱ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሃል ላይ ይገባል። የኢንቹ ስም እንዳያሳስትሽ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢና ዙሪያውን ለኪ። ከ14 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለእጅ ይመቻል። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ለደረጃ መደገፊያ የሚሸጠው ስስ ቱቦ ያብረቀርቃል እንጂ ይጎብጣል። ቀለም የተቀባም አትውሰዱ፤ ቆዳ ላይ ይላጣል። እስቴንለስ ከተገኘ እሱ ነው። እጅ በሚያርፍበት ቦታ የብየዳ ስፌት እንዳይኖር፤ ጭን ይቧጭራል። ተከላውን ግን በግምት አትጨርሱት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጣሪያውን አይቶ ይትከለው።

ወጪው ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ እቁብ ግን ያቀለዋል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጣላችሁ መጀመሪያ ብረቱን፣ ቀጥሎ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ግዙ። ፍራሹ ብረቱን ዙሪያውን ክፍተት ሳይተው ይክበብ። በአራቱም አቅጣጫ ቢያንስ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ወንበርም ዳምቤልም ይነሳ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ሁለት ሆናችሁ ብረቱን ጎትቱት፣ ነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ያን ቀን ማንም አይወጣም።

የሚሽከረከርና የማይሽከረከር ፖል አለ። ጀማሪ በማይሽከረከረው ይጀምር። የሚዞረው ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ጥንካሬ ይጠይቃል፣ ራስም ያዞራል።

ቆዳ፣ ቅባትና ልብስ

ብረቱ ላይ የሚይዝሽ ቆዳሽ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቀን ቫዝሊንም ሎሽንም የለም፣ ከዋዜማው ጀምሮ ቢቀር ደግሞ ይሻላል። ጸጉርሽን ቅቤ ከተቀባሽ ያን ቀን ደጋፊ ሁኚ፤ ቅቤው ብረቱን ከነካ ከአንቺ በኋላ የምትወጣዋም ትንሸራተታለች። በየተራው መሃል ብረቱን በንጹሕ ጨርቅና በፋርማሲ አልኮል ጥረጉት።

ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይውለቅ። ማተብ የማታወልቂ ከሆነ መስቀሉን ወደ ውስጥ አስገቢና በፕላስተር ለጥፊው።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ እጅ ያልባል። ክብደት አንሺዎች እጃቸው ላይ የሚቀቡት የማግኒዥየም ዱቄት ከተገኘ ትንሽ ይበቃል። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔና የሕፃን ፓውደር ግን አይተኩትም፤ ፓውደር እንዲያውም ያንሸራትታል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ችግሩ ይገለበጣል። በክረምት ጠዋት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ቆዳ አይይዝም። በጨርቅ ደጋግማችሁ ፈትጉት፣ እጃችሁንም አሙቁ።

በእጅ ብቻ የሚሠሩትን የመጀመሪያ እንቅስቃሴዎች በረጅም ሱሪ መሥራት ትችያለሽ። ቁምጣ የሚያስፈልገው በጭን መቀመጥ ስትጀምሪ ነው፤ ጨርቅ ብረት ላይ አይቆምም። ለዚህ ነው የተጋረደ ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ ያልኩት።

ማሟሟቅ

ሩብ ሰዓት ስጡት። እኛ ጋ እስክስታ አለ፤ ከእሱ የተሻለ የትከሻና የአንገት ማሟሟቂያ አላውቅም። አንድ የጎጃም ዘፈን ክፈቱና ክብ ሠርታችሁ በቀስታ ጀምሩ። ደረት ይከፈታል፣ ትከሻ ይፈታል፣ ልብ ይሞቃል። ቀጥሎ የእጅ አንጓን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ፣ ጣት ዘርጉና ጨብጡ፣ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ።

ብረቱ ላይ ግን ትከሻ ከእስክስታ ሌላ ጠባይ ይፈለግበታል። እስክስታ ትከሻን ይለቀዋል፣ ፖል ይቆልፈዋል። እጅሽን ከራስሽ በላይ ዘርግተሽ ብረቱን ያዢና ሰውነትሽን ተይው። ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል። አሁን ክንድሽን ሳታጥፊ ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቂ፣ ከትከሻሽ ኋላ ያሉትን ሁለቱን የጀርባ አጥንት ክንፎች ወደ ታች ሳቢ። አንገትሽ ሲረዝም ይሰማሻል። ጓደኛሽ መዳፏን በክንፎቹ መሃል ታሳርፍና እንቅስቃሴውን ትከታተል። ይህን ሳትችዪ ወደሚቀጥለው አትለፊ። የጀማሪ የትከሻ ሕመም አብዛኛው የሚመጣው በተፈታ ትከሻ ከመንጠልጠል ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች

በመራመድ ጀምሪ። ብረቱ በቀኝሽ ይሁን፤ ቀኝ እጅሽ ከራስሽ በላይ ይያዝ፣ ክንድሽ ይዘርጋ። በእግር ጣትሽ እየረገጥሽ፣ ሰውነትሽን ወደ ውጭ ዘንበል አድርገሽ ዙሪያውን ተራመጂ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብረቱን ማመን የሚለመደው እዚህ ነው። በግራም እንዲሁ አድርጊ። ሁሉንም ነገር በሁለቱም ጎን መሥራት ከመጀመሪያው ልማድ ይሁን፤ ካልሆነ አንዱ ትከሻ ይበረታል፣ ሌላው ይቀራል።

ቀጥሎ ፋየርማን የሚባለው ዙር ይመጣል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በብረት ከሚወርዱበት አኳኋን የተወሰደ ነው። ብረቱ በቀኝሽ፤ ቀኝ እጅ ከራስ በላይ፣ ግራ እጅ በደረት ልክ ከፊት ይያዝ። በቀኝ እግርሽ ወደ ብረቱ አጠገብ ርገጪ። ግራ እግርሽን ሰፋ አድርገሽ ወደ ፊት አሽከርክሪ፤ ዙሩን የሚሰጥሽ የዚያ እግር ጉዞ እንጂ ዝላይ አይደለም። ክብደትሽ ሲሄድ ትከሻሽን ቆልፊ፣ ትንሽ ተነሺና ብረቱን በሁለቱ ጉልበቶችሽ መሃል ጨምቂው። እየዞርሽ ወደ ታች ትወርጃለሽ፣ እግርሽ መሬት ይነካል። አለቀ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው የሚቸገረው ከመነሻው ነው። ብረቱ ላይ ዘሎ መጣበቅ ይመጣል። ያኔ አካል ከብረቱ ጋር ይጋጫል፣ ዙርም የለም። መፍትሔው ጓደኛ ነው። ብረቱ አጠገብ መሬት ላይ ግራ እግርሽ የሚሄድበትን ክብ በእጇ እያመለከተች ትሂድ፣ አንቺ ሳትነሺ እግርሽን ብቻ አስከትይ። ክቡ እግርሽ ውስጥ ሲገባ መነሳቱ በራሱ ይመጣል። ተመልካቿ ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ትይ፦ ትከሻሽ ከጆሮሽ ርቋል ወይስ አልራቀም?

ፋየርማን በሁለቱም ጎን ሲረጋ በጭን መቀመጥን ተለማመጂ። ብረቱን ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ያዢ፣ ተነሺ፣ ከጭንሽ በላይኛው ክፍል መሃል አስገቢው፤ እግርሽን አጣምሪና ጨምቂ። ያማል። ቆዳው እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። ለጥቂት ሰከንድ ተቀምጠሽ ውረጂ፣ በሚቀጥለው ጨምሪ። እጅሽን ለመልቀቅ አትቸኩዪ።

ከዚያ መውጣት ነው። አንዱ እግርሽ ከፊት ይሂድ፤ የእግርሽ ጀርባ፣ ቅልጥምሽና ጉልበትሽ ብረቱን ይንኩት። ሌላው እግር ከኋላ ይምጣና ብረቱን በሁለቱ መሃል እንደ መቆንጠጫ ይያዙት። በእግርሽ ግፊ፣ ቀጥ በይ፣ እጅሽን ወደ ላይ አሻግሪ፣ ጉልበትሽን ሰብስቢ። በእጅ ብቻ የምትጎትቺ ከሆነ ቶሎ ትደክሚያለሽ። ደግሞም ሁለት እርምጃ ከወጣሽ በኋላ ሌላ ሦስተኛ ከመጨመርሽ በፊት ከዚያው መውረድን ልመጂ። መውረጃው የመውጫው ግልባጭ ነው፤ እግር ትንሽ ይላላል፣ እጅ ዝቅ ይላል፣ እግር ይጨምቃል። ሸርተት ብሎ መውረድ ቆዳ ያቃጥላል።

ደጋፊዋ ምን ታደርጋለች?

ደጋፊ ክብደት አትሸከምም። ሥራዋ ውድቀቱን ማዘግየትና ራስና አንገትን መጠበቅ ነው። በዙር ጊዜ አትጠጋ፤ የሚወረወር እግር ፊት ላይ ያርፋል። በመውጣትና በመቀመጥ ጊዜ ግን ክንዷ በሚደርስበት ርቀት፣ ከወጪዋ ጀርባ በኩል ትንሽ ጎን ብላ ትቁም። እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ላላ ታድርግ። አንድ እጇ ለወገብ፣ ሌላው ለላይኛው ጀርባ ዝግጁ ይሁን። አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ትግጠም፤ የተነጠለ አውራ ጣት በቀላሉ ይቀለበሳል። እጅ ወይም እግር ብቻ ይዛ አትጎትት፤ ወገብና ጀርባን ትያዝ።

ቃላችሁም አንድ ይሁን። «ያዢኝ» ከተባለ ወዲያው ይያዛል፣ ለምን አይባልም። «ልወርድ ነው» ከተባለ ወሬ ይቆማል። ወጪዋ ደጋፊዋን በዓይኗ ሳታገኝ አትነሳም።

ቁልቁል መገልበጥ በቪዲዮ ላይ የሚያጓጓው እሱ ነው፤ እኔ ግን ቆዩ እላለሁ። በሁለቱም ጎን ሳትታገዪ እየወጣሽ መውረድ ስትችዪ፣ በጭን ተቀምጠሽ እስከ 10 መቁጠር ሲቀልልሽ፣ ብረቱን ይዘሽ ቆመሽ ሁለት ጉልበትሽን ያለ ዝላይ ወደ ደረትሽ መሰብሰብ ስትችዪ፣ ያኔ ይታሰብ። ሲታሰብም መገልበጥን አስቀድሞ የሚችል ሰው እስኪገኝ ጠብቁ። ፍራሽ አንገትን አያድንም። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ጂምናስቲክ ወይም ሰርከስ የሠራ ሰው ካወቃችሁ ለዚያ ቀን ለምኑት።

ኢንተርኔት ባለ ጊዜ የጀማሪ ቪዲዮ አውርዳችሁ አስቀምጡ። እንቅስቃሴውን ከፋፍሎ ቀስ ብሎ የሚያሳየውን ምረጡ፤ በዘፈን ተቆራርጦ የተሠራው ለማየት እንጂ ለመማር አይሆንም።

ሕመም፣ እረፍትና ጾም

ጭንና ቅልጥም ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ጡንቻ መድከምም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ የሚደነዝዝ ጣት፣ እጅ ሲነሳ የሚይዝ ትከሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ልምምዱ ይቁም፣ ካልተወሽ ሐኪም ይየው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር ጉልበት የተሰማሽ ቀን ብዙ ለመጨመር አትቸኩዪ። ለጀማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ በመሃላቸው እረፍት ይኑር። ነፍሰ ጡር ወይም የደም ግፊት ያለባት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር።

ጾምም ይታሰብበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ በባዶ ሆድ ብረት ላይ አትውጪ። እጅ ይከዳል፣ ራስ ያዞራል። ልምምዱን ከበላሽ ሁለት ሰዓት በኋላ አድርጊው፤ የቀኑ ጾም ከተፈታ በኋላ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለጡንቻ ጥሩ ነው። ውሃ ሳትጠጪ የምትውዪበት ቀን ከሆነ ማሟሟቁንና ደጋፊነቱን ብቻ ሥሪ። ቡድኑ ሁሉ የሚጾም ከሆነ ሰሞኑን አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ የምታውቁትን አጣሩ።

ከእንቅስቃሴ ወደ ዳንስ

መራመድ፣ ፋየርማን፣ መቀመጥና መውጣት ካላችሁ የአንድ ደቂቃ ዳንስ መሥራት ትችላላችሁ። ብዙ ጀማሪ ብረቱ ላይ ያለውን ብቻ ዳንስ ያደርገዋል፣ መሬት ሲነካ ደግሞ ቆሞ ይቀራል። እዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አለን። መሰንቆ ያለበት ዝግ ያለ ዜማ ምረጡ። በመራመድ ግቡ፤ ከፋየርማን ስትወርዱ ወዲያው አትነሱ፣ ተንበርክካችሁ ትከሻ ምቱ፤ ከዚያ ተነስታችሁ ውጡ። የተቆለፈው ትከሻ ሲፈታ ማየት ደስ ይላል። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እንቅስቃሴ አዋጡና አንድ ቅንብር አድርጉት፤ ሁላችሁም የሁላችሁን ተማሩት።

አዲስ ልጅ ስትመጣ ብረቱን ወዲያው አትስጧት። የመጀመሪያውን ቀን ማሟሟቁን ትሥራ፣ ትከሻ መቆለፍ ትማር፣ ቀሪውን ሰዓት ከአንዷ ነባር ጋር ሆና ደጋፊነትን ትለማመድ። የት እንደሚቆም፣ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ «ያዢኝ» ሲባል ምን እንደሚደረግ ታውቅ። በሁለተኛው ቀን ተራ ይሰጣት።